የቤርዜሊዩስ ሕይወት፤ ስለ ቀዩ አተላና ስለ ቡናማው ዱቄት

ስለ ፀሐይ ኃይል ሲነገር ሰው ሁሉ በሐሳቡ የሚመጣለት በጣራ ላይ የተዘረጋው ጥቁር ሰሌዳ ነው። መብራት ባልደረሰበት ገጠር ሳይቀር ሰሌዳው ዛሬ እንግዳ ነገር አይደለም። ክርክሩ ያለው ሰሌዳው ከምን ይሠራ በሚለው ላይ ነው። ለድኻው ቤት እንዲደርስ ርካሽ መሆን አለበት፤ የሚሠሩትን ሰዎች ሳንባና አሮጌው ሲጣል የሚያርፍበትን መሬት እንዳይመርዝም ያስፈልጋል። ሁለቱን ባንድ ላይ ማግኘት ግን እንደ ወሬው ቀላል ሆኖ አልተገኘም።

እኛም ይህን ነገር ከሥሩ ለማወቅ ብለን መጻሕፍት ስናገላብጥ፣ ስለ ፀሐይ ሰሌዳ አንዳች ነገር ሳያውቅ ወደ ሞተ አንድ ስዊድናዊ ደረስን። ብርሃን ሲያርፍበት ኤሌክትሪክ የሚያፈልቀውን የመጀመሪያውን ጠጣር ነገር ያገኘው እሱ ነው፤ ዛሬ ከሌሎቹ ሁሉ በልጦ ገበያውን የያዘውንም ለይቶ ያወጣው እሱ ነው። የመጀመሪያው በመርዙ አሳምሞታል፤ ሁለተኛው ምንም አላደረገውም። ስለዚህ የዚህን ሰው ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ማቅረብ ደስ አለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ዮንስ ያኮብ ቤርዜሊዩስ በኦገስት 20 ቀን 1779 በስዊድን አገር ቬቨርሱንዳ በምትባል ትንሽ መንደር ተወለደ። አባቱ በሊንሼፒንግ ከተማ መምህር ነበር፤ ነገር ግን ልጁ ገና 4 ዓመት ገደማ ሳለ ሞተ። እናቱ ሁለተኛ ጊዜ አንድ ቄስ አገባች፤ እሷም በ1788 አረፈች። እንጀራ አባቱ ደግ ሰው ነበር ይባላል፤ ሆኖም እሱም ሌላ ሚስት ሲያገባ ልጁ ወደ እናቱ ወንድም ቤት ተላከ፤ እዚያም ከአጎቱ ልጆች ጋር መስማማት አልቻለም። ከሰው ቤት ወደ ሰው ቤት እየተዘዋወረ ያደገ ልጅ ነው ማለት ነው። በሊንሼፒንግ ትምህርት ቤት ሳለ ወፍና ነፍሳት ፍለጋ ከክፍል እየቀረ መምህራኑን አስመርሯል፤ ሲሰናበትም የተጻፈለት ማስረጃ አእምሮው መልካም፣ ጠባዩ መጥፎ፣ የወደፊት ተስፋው ግን የሚያጠራጥር መሆኑን የሚገልጽ ነበር። ይህን ማስረጃ የጻፈው መምህር በኋላ ምን ብሎ እንደሆነ ብናውቅ ደስ ባለን።

በ1796 ሕክምና ለመማር ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ገንዘብ ስላልነበረው የሰው ልጆች እያስጠና ነበር የሚማረው። ልቡን የሳበው ግን ኬሚስትሪ ነው። የኬሚስትሪው ፕሮፌሰር ከተወሰነው ሰዓት ውጪ ላቦራቶሪ እንዲገባ ስላልፈቀደለት ዘበኛውን በጥቂት ገንዘብ እያባበለ በጓሮ በር ይገባ ጀመር። ፕሮፌሰሩ ነገሩን ሲደርስበት ከመቅጣት ይልቅ በፊት ለፊቱ በር እንዲገባ ፈቀደለት። ለዘበኛ ጉቦ መስጠትን ለማንም አንመክርም፤ ነገር ግን ታሪኩን ስናነብ አለመሳቅ አልቻልንም።

በ1800 ጣሊያናዊው ቮልታ ያለ ማቋረጥ ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን ክምር ለዓለም አስታወቀ። ወጣቱ ቤርዜሊዩስም የዚንክና የመዳብ ዝርግ ቁርጥራጮችን እየደራረበ የራሱን ክምር ሠራና የሕክምና ማዕረጉን ያገኘበትን የ1802 ጽሑፍ ኤሌክትሪክ በበሽተኞች ላይ በሚያደርገው ነገር ላይ ጻፈ። በሽተኞቹ አልዳኑም ለማለት ይቻላል። እሱም ይህንኑ ሳይሸሽግ ጻፈ። ክምሩን ግን አልጣለውም። ስቶክሆልም ሄዶ ያለ ደመወዝ በሕክምና ትምህርት ቤት ረዳት፣ ከዚያም የከተማው ድኾች ሐኪም ሆኖ ሲሠራ፣ ያረፈበት ቤት ቪልሄልም ሂሲንገር የተባለ የማዕድን ባለሀብት ቤት ነበር። ሁለቱ ተባብረው በ1803 ጨዎችን በኤሌክትሪክ ሲበታትኑ አሲዱ ወደ አንዱ ጫፍ፣ ተቃራኒው ወደ ሌላው ጫፍ እንደሚሰበሰብ አዩ። በዚያው ዓመት ሴሪየም የተባለውን አዲስ ንጥረ ነገር አገኙ።

ቤርዜሊዩስ በንግድ ዕድል አልነበረውም። በማዕድን ውሃና በሆምጣጤ ፋብሪካ ገንዘብ ቢያስገባ ኪሳራ ላይ ወደቀና ዕዳውን ለመክፈል ረጅም ዘመን ፈጀበት። በ1807 ፕሮፌሰር ሆኖ በተሾመ ጊዜም ዕዳው አብሮት ነበር።

ስለ ላቦራቶሪው ጥቂት መናገር ይገባናል። እኛ ተማሪዎች መሣሪያ የለም፣ ቤት ጠበበን እያልን ብዙ ጊዜ እናማርራለን፤ ማማረራችንም በከንቱ አይደለም። የሆነ ሆኖ ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ቮለር በ1823 ሊማር ወደ ስቶክሆልም ሲመጣ ያገኘው ዝነኛ ላቦራቶሪ ሁለት ተራ ክፍሎች ብቻ ነበር። የጋዝ መስመር የለም፤ የቧንቧ ውሃ የለም፤ መርዛም ጭስ የሚወጣበት ጭስ ማውጫ እንኳ የለም። ምድጃው የሚነደው ወጥ በሚሠራበት ማድ ቤት ነው። ማድ ቤቱን የምታስተዳድረው አና ሱንድስትሮም ነበረች፤ ከ1808 ጀምሮ ሃያ ስምንት ዓመት ያህል አብራው ስትኖር ምግቡን ማብሰል ብቻ ሳይሆን ዕቃዎቹን ማጠብ፣ አሲዱን ማዘጋጀት፣ አዲስ ለሚመጡት ተማሪዎችም ሥራ ማሳየት የእሷ ነበር። ዛሬ በስዊድን ከመጀመሪያዎቹ ሴት ኬሚስቶች አንዷ ተብላ ትቆጠራለች፤ በዘመኑ ግን ይህን ስም የሰጣት አልነበረም። ከዕለታት አንድ ቀን የምታጥበው ዕቃ የዚያ የድሮ ስሙ ረጅም የሆነ አሲድ ሽታ እንዳለው ስትናገር፣ ቤርዜሊዩስ ከእንግዲህ ክሎሪን ብላ እንድትጠራው አረማት። ነገሩ ቀላል ይመስላል። እሱ ግን ክሎሪን ራሱን የቻለ ንጥረ ነገር አይደለም ብሎ ከእንግሊዛዊው ዴቪ ጋር ለዓመታት የተከራከረ ሰው ነበርና፣ መሸነፉን ያወጀው በማድ ቤት ነው ማለት ይቻላል።

ከትልልቅ ሥራዎቹ ሁሉ የላቀው በዚህ ጠባብ ቤት በሚዛን የሠራው ነው። በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ 2000 የሚሆኑ ውሑዶችን መዝኖና በታትኖ የንጥረ ነገሮችን የአቶም ክብደት ሠንጠረዥ አወጣ። ንጥረ ነገሮችን በላቲን ስማቸው የመጀመሪያ ፊደል መጻፍንም ያመጣው እሱ ነው፤ ዛሬ እያንዳንዱ ተማሪ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚጽፈው ያንኑ ነው። ካታሊሲስ፣ ኢሶመር፣ ፕሮቲን የሚባሉት ቃላትም ከእሱ የመጡ ናቸው። ይህን ሁሉ የኬሚስትሪ መጻሕፍት ስለሚናገሩት እንለፈውና ወደ ግሪፕስሆልም እንሂድ።

ግሪፕስሆልም ከስቶክሆልም ብዙ በማይርቅ ቦታ፣ በሐይቅ ዳር የነበረ የሰልፈሪክ አሲድ ፋብሪካ ነው። ቤርዜሊዩስና ሽማግሌው ማዕድን ዐዋቂ ዮሐን ጎትሊብ ጋን ከባልደረባ ጋር ሆነው ፋብሪካውን ገዝተውት ነበር። ድኙ የሚመጣው ከፋሉን የመዳብ ማዕድን ነው። የፋሉን ድኝ በተቃጠለ ጊዜ ሁሉ በእርሳስ በተሠሩት ክፍሎች ወለል ላይ ቀይ አተላ ይቀመጣል። የቀድሞው ባለቤት አተላው አርሴኒክ ነው ብሎ ስለ ፈራ የፋሉንን ድኝ ትቶ ሌላ መጠቀም ጀምሮ ነበር። እንግዲህ የመርዝ ጥያቄና የዋጋ ጥያቄ ገና ከመነሻው ተጋጭተው እናገኛቸዋለን፤ ርካሹ ድኝ ቅርብ ሳለ መርዝ ይኖርበታል ተብሎ ተጣለ።

በ1817 ቤርዜሊዩስና ጋን ነገሩን ለማጣራት ተነሡ። ከ200 ኪሎ በላይ ድኝ ተቃጥሎ የተገኘው አተላ ጥቂት ግራም ብቻ ነበር። ጋን በአፍ በሚነፋ ቀጭን ቧንቧ ነበልባልን እየመራ ማዕድን በመፈተን ወደር የሌለው ሰው ነበርና፣ አተላውን ሲያቃጥሉት ፈረንጆች ከሥጋ ጋር የሚበሉት የሚሰነፍጥ ሥር ሽታ ሸተታቸው። ይህ ሽታ የቴሉሪዩም ምልክት ነው ይባል ስለነበር ቴሉሪዩም አገኘን ብለው ለወዳጆቻቸው ጻፉ። ነገር ግን በፋሉን ማዕድን ቴሉሪዩም አይታወቅም። ቤርዜሊዩስ ነገሩ አላስተኛው አለና አተላውን ወደ ስቶክሆልም ወስዶ በ1818 መጀመሪያ እንደገና ሲመረምረው ቴሉሪዩም ፈጽሞ አልነበረበትም። አዲስ ንጥረ ነገር ነው። ቴሉሪዩም ስሙ ከመሬት የመጣ ነውና የእሱን ዘመድ ከጨረቃ የግሪክ ስም ወስዶ ሴሌኒዩም አለው። ቀድሞ የተናገረውን ስሕተት ራሱ በግልጽ አረመ። ሽማግሌው ጋን በዚያው ዓመት መጨረሻ ሞተ።

ሴሌኒዩም ከሃይድሮጅን ጋር ሲዋሐድ ጋዝ ይሆናል። የዘመኑ ኬሚስት ነገርን የሚያውቀው በዓይኑ፣ በምላሱና በአፍንጫው ነበርና ቤርዜሊዩስም የዚህን ጋዝ ሽታ ለማወቅ ከአተር ፍሬ የማትበልጥ አረፋ ወደ አፍንጫው አስገባ። ለብዙ ሰዓት ማሽተት ተሳነው፤ ብርቱ አሞኒያ እንኳ ቢያቀርቡለት አይሰማውም ነበር። ብርቱ ጉንፋን ይዞትም 15 ቀን አሠቃየው። ጋዙ ዛሬ ከታወቁት መርዛም ጋዞች አንዱ ነው። አንዳንዶቹን የፀሐይ ሰሌዳዎች በሚሠሩ ፋብሪካዎች ይህንኑ ጋዝ የሚጠቀሙበት አሉ፤ በጥብቅ ካልተያዘ ሠራተኛው የቤርዜሊዩስ ዕጣ ይደርሰዋል፤ ምናልባትም ከዚያ የከፋ።

በዚያው በ1817 ጀርመናዊው ስትሮማየር ካድሚዩምን አገኘ። ሴሌኒዩምና ካድሚዩም የአንድ ዓመት ልጆች ናቸው እንደ ማለት ነው፤ ለፀሐይ ሰሌዳ ሥራም ሁለቱም ተፈልገዋል።

ሁለተኛው ግኝት ጫጫታ የለበትም። አሸዋና ኳርትዝ በውስጣቸው ያልታወቀ ንጥረ ነገር እንዳለ ብዙዎች ጠርጥረው ነበር። ዴቪ በኤሌክትሪክ ሞክሮ አልሆነለትም። ፈረንሳዮቹ ጌ ሉሳክና ቴናር በ1811 ያገኙት ነገር ቢኖርም ምን እንደሆነ ለይተው አላወቁትም። ቤርዜሊዩስ በ1824 ሲሊኮንና ፍሉዎሪን ያለበትን የፖታሲዩም ጨው ከፖታሲዩም ብረት ጋር አጋለው፤ ከዚያ በውሃ እየደጋገመ አጠበው። ምስጢሩ ሁሉ በማጠቡ ላይ ነው፤ ሌሎቹ ያልታገሡት ይህን ነበር። በመጨረሻ የቀረው ብርሃን የሌለው ቡናማ ዱቄት ነው። አልሸተተም፤ አላሳመመም፤ ለምንም ነገር አልረባም። ቤርዜሊዩስ መዝግቦት ወደ ሌላ ሥራ አለፈ፤ በ1828 ቶሪየምን አገኘ። ይህ ዱቄት የመሬት ቅርፊት ክብደት ከመቶ 27 ያህሉ መሆኑን ስናስብ፣ ሰው የሚረግጠውን ነገር ለማወቅ እንዴት እንደሚዘገይ እንደነቃለን።

አሁን ታሪኩን ትተን ጥቂት ወደ ፊት እንራመድ። በ1873 ዊሎቢ ስሚዝ የተባለ እንግሊዛዊ በባሕር ውስጥ የሚዘረጋ የቴሌግራፍ ሽቦ ሲፈትን፣ የሴሌኒዩም ዘንግ ብርሃን ሲያርፍበት ኤሌክትሪክን ይበልጥ እንደሚያሳልፍ ተረዳ። በ1876 አዳምስና ዴይ ብርሃን በሴሌኒዩም ውስጥ ራሱን የቻለ ኤሌክትሪክ እንደሚፈጥር አሳዩ። በ1883 አሜሪካዊው ቻርልስ ፍሪትስ በስስ የሴሌኒዩም ሽፋን ላይ እጅግ የሳሳ ወርቅ ቀብቶ የመጀመሪያውን ሰሌዳ ሠራ። ከፀሐዩ ኃይል ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አልደረሰለትም። ሰባ አንድ ዓመት አለፈ። በ1954 በአሜሪካ የቤል ላቦራቶሪ ሰዎች ቻፒን፣ ፉለርና ፒርሰን በቡናማው ዱቄት ዘመድ፣ ማለት በጠራ የሲሊኮን ክሪስታል፣ ከመቶ ስድስት እጅ አገኙ። በ1958 ሰሌዳው በሳተላይት ላይ ወደ ሰማይ ወጣ። ዋጋው ያን ጊዜ ለሳተላይት እንጂ ለጎጆ የሚሆን አልነበረም።

ብዙዎች ሲሊኮን ከአሸዋ ስለሚገኝ ርካሽ ነው ብለው ያስባሉ። እኛም እንዲሁ እናስብ ነበር። አሸዋው ርካሽ ነው፤ ማጥራቱ ግን ርካሽ አይደለም። ኳርትዙ ከከሰል ጋር ሆኖ ወደ 2000 ዲግሪ በሚጠጋ እቶን ይቀልጣል፤ ከዚያ ወደ ጋዝ ተለውጦ እንደገና ይጣራል፤ ከዚያ በ1414 ዲግሪ ቀልጦ በክሪስታል ይበቅላል። ደግሞም ሲሊኮን ብርሃንን የሚውጠው በዝግታ ስለሆነ ሰሌዳው ወፈር ማለት አለበት። ዋጋው በ1970ዎቹ አጋማሽ በአንድ ዋት ብዙ አሥር ዶላር የነበረው ዛሬ ከአንድ ዶላር በታች የወረደው በብዙ ድካምና እጅግ ብዙ በመሠራቱ ነው።

ስለዚህ ሊቃውንት በቀላል ሙቀት የሚሠራ፣ እንደ ቀለም ስስ ሆኖ የሚቀባ ሌላ ነገር ሲፈልጉ ኖረዋል፤ ፍለጋው ግን እየደጋገመ ከመርዝ ጋር ያጋጫቸዋል። የካድሚዩምና የቴሉሪዩም ውሑድ መልካም ሰሌዳ ይሆናል፤ ካድሚዩም ግን ኩላሊት የሚጎዳ መርዝ ነው፤ ቴሉሪዩምም ብርቅ ነው። በውሑዱ ውስጥ ካድሚዩሙ ታስሮ ስለሚቀመጥ አደጋው ይቀንሳል፤ ይህን መካድ አይገባም። በ2009 ጃፓናዊው ሚያሳካ ለሰሌዳ የሞከሩት ፔሮቭስካይት ፈጥኖ ሄዷል፤ በውስጡ ያለው እርሳስ ግን በውሃ የሚሟሟ ነው። እርሳሱ በቆርቆሮ ብረት ሲተካ ነገሩ በአየር ቶሎ ይበላሻል።

ሌሎች ደግሞ መዳብን፣ ዚንክን፣ ቆርቆሮንና ድኝን አዋሕደው ኬስቴራይት የሚባለውን ያዙ። አራቱም ርካሽ ናቸው፤ ከእነሱም አደገኛ የሚባል የለም። በ2013 ከመቶ 12 ከግማሽ በላይ የሰጠው ግን ሴሌኒዩም ተጨምሮበት ነው፤ ሲሠራም ሃይድራዚን በተባለ መርዛም ፈሳሽ ሟሙቶ ነው፤ ከላዩም ስስ የካድሚዩም ሽፋን ተደርጎለታል። መርዝ በበር ሲያስወጡት በመስኮት ይመለሳል ማለት ይህ ነው። ከዚህም ሌላ መዳብና ዚንክ መጠናቸው ስለሚቀራረብ በክሪስታሉ ውስጥ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ በዚህም የሚገኘው ቮልት ያንሳል። ይህ ችግር እስካሁን ሙሉ በሙሉ አልተፈታም።

ሴሌኒዩምም አልተረሳም። በ221 ዲግሪ ይቀልጣልና ለመሥራት ብዙ ነዳጅ አይፈልግም፤ ራሱን ችሎ ሳለም መርዝነቱ ከጋዙ ጋር አይወዳደርም፤ እንዲያውም ሰውነታችን በጥቂቱ ይፈልገዋል። በ2017 የቤርዜሊዩስ ቀይ አተላ እንደገና ተሞክሮ ከመቶ 6 ተኩል ሰጥቷል። ዛሬም የሚገኘው መዳብ በኤሌክትሪክ ሲጣራ ከሥር ከሚቀረው አተላ መሆኑ ያስገርማል። ችግሩም ከዚህ ይነሣል፤ የመዳቡ ሥራ ከሚሰጠው በላይ ልናገኝ አንችልም። እኛን ቢጠይቁን ሲሊኮኑን ማሻሻል ይቀድማል የምንል ብዙዎች ነን፤ ነገር ግን በማኅበራችን ውስጥ የኬስቴራይት ወገኖችም አሉ፤ ክርክሩ ገና አላለቀም።

ወደ ሽማግሌው እንመለስ። ቤርዜሊዩስ ከ1818 ጀምሮ የስዊድን የሳይንስ አካዳሚ ጸሐፊ ሆኖ የአውሮፓን ኬሚስትሪ በየዓመቱ በሚያወጣው ሪፖርት ይዳኝ ነበር። በ1835፣ በ56 ዓመቱ፣ የ24 ዓመቷን ኤሊሳቤት ፖፒዩስን አገባ፤ ንጉሡም የባሮንነት ማዕረግ ሰጠው። አና ሱንድስትሮም በሚቀጥለው ዓመት ቤቱን ለቅቃ ሄደች። ስለ ስንብቷ የሚናገሩት መጻሕፍት ጥቂት መስመር ብቻ ነው የሚሰጧት፤ ይህ ቅር አሰኝቶናል።

በእነዚያው ዓመታት ፈረንሳዊው ዱማ በአንዳንድ ውሑዶች ውስጥ ክሎሪን የሃይድሮጅንን ቦታ ሊወስድ እንደሚችል አሳየ። በቤርዜሊዩስ ትምህርት መሠረት ይህ ሊሆን አይችልም፤ ሁለቱ በኤሌክትሪክ ጠባያቸው ተቃራኒ ናቸውና። በአተላው ጊዜ ስሕተቱን በጥቂት ወራት ያረመው፣ በክሎሪኑም ጊዜ የተሸነፈው ሰው አሁን እንቢ አለ። አሮጌውን ትምህርት ለማዳን አዳዲስ ማብራሪያ እየደረተ በየዓመቱ ሪፖርቱ ወጣቶቹን ይወቅስ ጀመር። ወጣቶቹም መስማት ተዉ። ከዚህ የሚብስ ቅጣት ለመምህር ያለ አይመስለንም።

በመጨረሻ ዓመቶቹ ሪህ ጠንቶበት ከላቦራቶሪው ቀረ። በኦገስት 7 ቀን 1848፣ 69 ዓመት ሊሞላው ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ በስቶክሆልም ዐረፈ፤ በሶልና ቤተ ክርስቲያን አጠገብም ተቀበረ። ስሚዝ የሴሌኒዩሙን ዘንግ በብርሃን ፊት እስኪያስቀምጥ ገና 25 ዓመት ይቀር ነበር።